ግትር የሚለው ቃልና የአማቴ ሁዳዴ

መቼም ራሱን ግትር ብሎ የሚጠራ ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም። እኔንም አልገጠመኝም። «እኔ አቋም አለኝ» የሚል ሞልቷል። «እኔ ያልኩትን አልለቅም» ብሎ ደረቱን የሚነፋም አለ። ግትር ግን ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው፤ ጎረቤት፣ አለቃ፣ የሚስት ወንድም። እኛ ስንሆን ጽኑ፣ እሱ ሲሆን ግትር። አይገርምም? አንድ ጠባይ ሁለት ስም ይዞ ይዞራል፤ አንዱን ለወዳጅ፣ አንዱን ለማንወደው።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። የተወለድኩት ደሴ ነው። መቀሌ ስመጣ ጠጉሬ ጥቁር ነበር፤ እዚሁ ነጣ፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ እየተሰናበተኝ ነው። ያገባሁትም እዚህ ነው፤ የምኖረው ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ። ቤቴ ውስጥ ገዢው ትግርኛ ነው። እኔ አማርኛዬን ይዤ ክፍል እገባለሁ፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ሐውንና ዐይኑን ከጉሮሯቸው አውጥተው አጠንክረው ይመልሱልኛል። ደስ ይለኛል። ደሴ ጽፌው እንጂ ሰምቼው የማላውቀውን ፊደል መቀሌ ሰማሁት ማለት ነው።

የቃል ነገር አይሆንልኝም። ሰው ሲሰድበኝ እንኳ ቀድሞ የሚመጣብኝ የስድቡ ሥር ነው፤ ንዴቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ታዲያ ባለቤቴ ለተብርሃን አንድ ቀን «አንተም እንደሱ ግትር ነህ!» አለችኝ። «እንደሱ» ያለችው አባቷን ነው። ሌላ ባል ቢሆን ይቀየማል። እኔ ግን «ግትር… ገተረ…» እያልኩ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመርኩ። እሷ ጥላኝ ወጣች።

ገተረ ማለት ሳበ፣ ወጠረ፣ ቀጥ አድርጎ ያዘ ነው። ገመድ ይገተራል። ቆዳ ይገተራል። እርጥብ ቆዳ መሬት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በካስማ ሲወጥሩት አይታችኋል? ሲዘረጋ ለስላሳ ነው፤ እንደፈለጋችሁ ብታጥፉት ይታጠፋል። ከዚያ ፀሐይ ይመታዋል። ከደረቀ በኋላ ካስማውን ሁሉ ብትነቅሉለትም እንደተወጠረ ይቀራል። እንግዲህ እኔ ግትርን የምረዳው እንዲህ ነው። ከእናቱ ሆድ ግትር ሆኖ የሚወጣ የለም፤ የሆነ ጊዜ የሆነ ነገር ወጥሮት፣ እዚያው ላይ ደርቆ የቀረ ነው።

ለተብርሃን በቋንቋዋ «ነቓጽ» ትለዋለች። ደረቅ እንደማለት ነው። እኛም «ድርቅ አለ» እንል የለ? ሁለቱ ቋንቋዎች በብዙ ነገር ላይስማሙ ይችላሉ፤ ግትር ሰው እርጥበት እንደሚጎድለው ግን ተስማምተዋል። ሰባኪዎች ደግሞ «አንገተ ደንዳና» ይላሉ። «ልበ ደንዳና»ም አለ። ለመሆኑ የማይደነድን ምን አካል አለን?

ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብያቸው ነበር። አህያ ያልጻፈ የለም። አባቱን የጻፈም አልጠፋም። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ግን «አያቴ ግትር ስለሆነች ቤታችንን ጥለን አልወጣንም፤ ስለዚህ ዛሬ ቤት አለን» ብላ ጻፈች። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። እርማት የሚያስፈልገው የኔ ትርጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ስዞር ሳላስበው አልቀርም፤ እዚህ ብዙ ነገር የቆመው በግትር ሰው ነው። ብዙ ነገር የፈረሰውም እንደዚሁ በግትር ሰው ነው። ለየትኛው ማመስገን፣ ለየትኛው ማልቀስ እንዳለብኝ አንዳንዴ ይምታታብኛል።

ነገሬ ተንዛዛ መሰለኝ። ወደ አማቴ ልግባ።

አማቴ ኣቦይ ግደይ ይባላሉ፤ ኣቦይ አባቴ እንደማለት ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት የጭነት መኪና መሪ ጨብጠው ነው። ስለ እሳቸው የሚወራ አንድ ታሪክ አለ፤ ራሳቸውም አይክዱትም። ወደ ቆላ በሚወርድ መንገድ፣ አንድ ጠባብ ድልድይ መሐል ላይ ከሌላ ከባድ መኪና ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጠሙ። አንዱ ወደ ኋላ ካልሄደ መተላለፍ የለም። ኣቦይ ግደይ ሞተር አጠፉ። ያኛውም አጠፋ። ወርደው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ያኛውም ወርዶ ማዶ ተቀመጠ። ከበስተኋላቸው መኪና ተሰለፈ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ተሳፋሪ ለመነ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ብልሃት አመጣ። «ማንም ማንንም እንዳያሸንፍ ሁለታችሁም እኩል ወደ ኋላ ውጡ» አላቸው። ፍርዱ ተወደደ። እኩል ወጡ። ድልድዩ ባዶ ሆነ። ከዚያስ? ሁለቱም እኩል ተንደርድረው ገቡና መሐል ላይ እንደገና ተገጣጠሙ!

«ታዲያ እንዴት ተላቀቃችሁ?» ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። «ኣነ ኣይለቐቕኩን»፣ እኔ አልለቀቅኩም፣ ብቻ ነው መልሳቸው። ለእሳቸው ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ባለቤታቸው ኣደይ ምሕረት ስኳር ነበረባቸው። መድኃኒት በጠፋበት፣ ባንክ በተዘጋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ነው ያለፉት። የፋርማሲው በር ክፍት ነበር፤ መደርደሪያው ግን ባዶ። ለተብርሃን ከእንዳ ኢየሱስ እስከ ቁሓ በእግሯ እየዞረች «ትንሽ እንኳ የለም ወይ?» ብላ ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም። ባዶ እጇን ተመለሰች። ይህን የምነግራችሁ ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም፤ ይህን ካላወቃችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ቀልድ ብቻ ይመስላችኋል።

ኣቦይ ግደይ ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ናቸው። በቅርቡ ደክሟቸው ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ የእሳቸውም ስኳር ሆኖ ተገኘ። በዚህኛው ጊዜ ግን መድኃኒት አለ። ለተብርሃን የኪኒኑን ፓኮ ተቀብላ ደጋግማ ስትቆጥረው አየሁ። ደስታ ይሁን ሐዘን አልጠየቅኳትም። ሁለቱም መሰለኝ።

ሐኪሙ ያዘዘው አጭር ነው። ኪኒኑ ጠዋት ጠዋት፣ ከምግብ ጋር። በባዶ ሆድ አይሆንም። ኣቦይ ግደይ ምንም ሳይከራከሩ «እሺ» አሉ። እኛም ደስ አለን። እሳቸው «እሺ» ሲሉ ነበር መጠርጠር፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ሁዳዴ ገባ።

በመጀመሪያው ጠዋት ለተብርሃን የገብስ ገንፎ ሠርታ፣ ቅቤ ሳይነካው በተልባ አድርጋ አቀረበች። ኣቦይ ግደይ ኪኒኑን አነሡ፣ በውሃ ዋጡ፣ ገንፎውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ሐኪም ዋጥ አለኝ፣ ዋጥኩ» አሉ። «ጾም ግን የሱ ኣይደለም። ጾም ናይ እግዚኣብሔር ነው።»

እንግዲህ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የእሳቸው ጾም ሥጋና ቅቤ በመተው አያበቃም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ከኪኒን መዋጫ ውሃ በቀር በአፋቸው የሚዞር ነገር የለም። ያንን ውሃ እንኳ ለራሳቸው የፈቀዱት ከሕሊናቸው ጋር ብዙ ተከራክረው ነው። ለተብርሃን ለመነች። ተቆጣች። አለቀሰች። ሐኪሙ በስልክ ተናገራቸው፤ «እግዚኣብሔር ይስጥህ፣ ወደይ»፣ ልጄ፣ ብለው መርቀው ስልኩን መለሱልኝ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታቸውን ቀሺ ሓረጎትን ጠራን። ቀሺ ቄስ ማለት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ረጋ ያሉ፣ ነገር የሚገባቸው ሰው ናቸው። ገና ከመቀመጣቸው ለታመመ ጾም የለበትም፣ እኔ ፈትቼሃለሁ፣ ብላ፣ አሏቸው። ነገሩ ያለቀ መስሎን እኔና ለተብርሃን ተያየን።

«እርስዎ ፈቱኝ፣ ጽቡቕ፣ መልካም» አሉ ኣቦይ ግደይ። «ጾሙስ? ጾሙ የት ይሄዳል?»

«እንዴት የት ይሄዳል?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ የጫንኩት ጭነት ነው ቀሺ። መኪና ሲበላሽ ጭነት መንገድ ላይ ኣይጣልም። ሌላ መኪና መጥቶ ይረከባል። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ጭነት ጥዬ ኣላውቅም።»

ይህን ብለው ዐይናቸውን በክፍሉ ውስጥ አዞሩ። ቀሺ ሓረጎት ይጾማሉ፤ ሙሉ ጭነት ናቸው። ለተብርሃንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ባዶውን የቆመ መኪና አንድ ብቻ ነበር። ዐይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

እኔ እንግዲህ ሁዳዴን ከሥጋውም ከቅቤውም እጾማለሁ። ሰዓቱን ግን አልችልም፤ ጨጓራ አለብኝ። ጠዋት ፉል በዳቦ ካላገኘ ይነሣብኛል። ይኸው ጨጓራ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሲቀርብለት ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ለጨዋነት ሲባል ማንም አያነሣውም።

«እሱ ይጹምልኝ» አሉ ኣቦይ ግደይ። «እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾመልኝ፣ እኔ ጠዋት እበላለሁ።»

ቀሺ ሓረጎት ጢማቸውን አሻሹ። ሳቅ እየታገላቸው እንደሆነ ገባኝ። ቆይተው ስለ ሌላው ብሎ መጾም ክፋት የለውም፣ እንዲያውም መልካም ነው፣ አሉ። ለተብርሃን ወደኔ ዞረች። ያን ዐይኗን ብታዩት «ጨጓራዬ» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይወጣም ነበር። ከእኔም አልወጣም።

እንዲህ ሆኜ የሰው ጾም ተሸካሚ ሆንኩ።

ጠዋት ጠዋት አማቴ ገንፏቸውን እየበሉ እኔ ከፊታቸው ቁጭ እላለሁ። ርክክብ ነው። «ኣንታ ወደይ፣ ምንም ኣልቀመስክም ኣይደል?» ይሉኛል። «አልቀመስኩም ኣቦይ» እላለሁ። በሙሉ ልብ ይጎርሳሉ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በየመንገዱ ያለ ፉል ቤት ሁሉ ስሜን ጠርቶ ይሰድበኛል። ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ትኩስ ዳቦው! ያገሬ ልጅ የሆነ አንድ የሒሳብ መምህር አለ፤ ደንበኛ የፉል ጓደኛዬ ነው። አልበላም ስለው መጀመሪያ የታመምኩ መሰለው። እየጾምኩ ነው ስለው ደግሞ የባሰ የታመምኩ መሰለው። ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ጸጥ ብለው ምንባብ ሲያነቡ ሆዴ ድምፅ አውጥቶ ያጉረመርማል። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠዋ ዝምተኛ እንኳ ሳቀች።

ብቻ ኣቦይ ግደይ ይበሉ ነበር። ፊታቸው ወዛ። ለተብርሃን ጠዋት ጠዋት መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች፤ ከእናቷ ሞት ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን። በዚህ ላይ ምን ጨጓራ ይነሣል?

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሰውነቴ ለመደው። ጠዋቱ ቀለለኝ። ትምህርቱ ከአፌ እየተንቆረቆረ ይወጣ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ደርሼ ስታጠብ የሚጠብቀኝ ማዕድ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ! የሁዳዴን ህልበት የማታውቁ ካላችሁ፣ ባቄላና አብሽ ተመትቶ ተመትቶ ነጭ አረፋ የሚሆን ነገር ነው፤ ከጎኑ የቲማቲም ስልሲ ይጨመርበታል። ቁርስ በልቶ ህልበት የሚበላ ሰው ህልበትን አላወቀውም። አንድ ቀን እዚያ ማዕድ ላይ፣ አማቴ ባሉበት፣ አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኩ፦

«ጾም እንዲህ ደስ ይላል እንዴ! ስንት ዘመን አመለጠኝ!»

ኣቦይ ግደይ ቀና አሉ። «ደስ ይልሃል?»

«እጅግ!»

ሊመርቁኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን ከማዕዱ መለሱ።

በማግስቱ ገንፎው ሳይነካ በረደ። ኪኒኑን በባዶ ሆድ ዋጡ። ምን ሆኑ ብንላቸው ለተብርሃንን አላዩዋትም፤ ወደኔ ነው የዞሩት።

«ጭነቱን ኣደራ ብዬ ሰጠሁህ፤ ኣንተ የራስህ ኣደረግከው። ኣሁን የምትጾመው ላንተ ነው። የኔስ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሌላ ጊዜ የሚሰማኝን ብናገር ምን ነበረበት፤ ያን ቀን ደስታዬን ማን ጠየቀኝ? ዘዴ ፈለግኩ። በማግስቱ ጠዋት ሆዴን ይዤ አቃሰትኩ። «ወይ ጾም! ወይ አሳሬ!» እያልኩ ግድግዳ ደገፍኩ። ኣቦይ ግደይ በጽሞና ሰሙኝና፣ ሞተር ተበላሽቶ ሲጮህና ሹፌር ሆን ብሎ ሲያስጮኸው ለይቼ ዐውቃለሁ፣ አሉኝ። እንግዲህ ለእሳቸው የሚቆጠረው በግድ የተጾመ ጾም ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ በግድ መጾም አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር በየት አገር ሰምታችኋል?

ቀሺ ሓረጎት ደግመው መጡ። ቆመው ለመኑ። አማቴ የቄሱን እጅ ስመው፣ እሱ ይደሰት፣ ጽድቁም ለእሱ ይሁን፣ እኔ የኔን እጾማለሁ፣ ብለው ሸኟቸው።

ብዙም አልቆየ። አንድ ረፋድ ላይ ከግቢው በር ሲመለሱ ዞሮባቸው ወደቁ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ለተብርሃን በባጃጅ ጭና ወሰደቻቸው። ስደርስ ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኝተዋል። ወጣቱ ሐኪም የተቆጣው እሳቸውን አይደለም፤ እኛን ነው። አንድ ሽማግሌ ቁርስ ማብላት እንዴት ያቅታችኋል፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ሆነው ላይነሡ ይችላሉ፣ አለን። ምን ብለን እናስረዳው?

ወደ ቤት መልሰናቸው ሲተኙ ለተብርሃን በረንዳው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «እናቴ መድኃኒት አጥታ ሄደች» አለች። «አባቴ ደግሞ መድኃኒት በእጁ ይዞ ሊሄድ ነው። ለዚህኛው ማንን ነው የምረግመው?»

ፈራሁ። ከልቤ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ያስቀኝ ነበር፤ ለወዳጆቼም አጫውቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ሳቁ ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ገንፎው ያው እንደቀረበ ቀረ።

ሰው ሲጨንቀው ወደሚያውቀው ይሸሻል፤ እኔ ወደ ቃሌ ሸሸሁ። ገተረ። ገመድ ገተረ። እንዴ! ገመድ በአንድ ጫፍ ብቻ ይገተራል እንዴ? አንዱን ጫፍ ይዛችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጎትቱ ገመዱ ይከተላችኋል እንጂ አይወጠርም። ለመወጠር ማዶ የሚስብ ያስፈልገዋል። ታዲያ የኣቦይ ግደይን ገመድ ማዶ ሆኖ የያዘው ማነው? እኛ አይደለንም? ሐኪሙ ይስባል፣ ቄሱ ይስባሉ፣ ልጃቸው ትስባለች፣ እኔ እስባለሁ። በሳብን ቁጥር ይጠብቃል። ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ፤ ዝም ብሎ የሚፈሰውን ሰውዬ ያስጮኽነው እኛው ነን። ያ ድልድይ ላይ እንኳ ማዶ ሌላ መኪና ባይኖር ኣቦይ ግደይ ተሻግረው ሄደው አልነበር?

ይህንን ሁሉ ለለተብርሃን አስረዳኋት። እንልቀቀው አልኳት። አንለምን፣ አንቆጣ፣ አናልቅስ። እምቢ ለማለት እኮ ብላ የሚል ሰው ያስፈልጋል። እሺም እምቢም ሳትል የአባቷን የእግር መታጠቢያ ውሃ ልታሞቅ ተነሥታ ሄደች። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ መጠበቅ አለበት ስለተባለ ማጠቡን ለማንም አትሰጥም።

በነጋታው ጠዋት ገንፎውን አቀረበች። ኪኒኑን አጠገቡ፣ ውሃውን አጠገቡ። ሌላ ጊዜ የምትለውን ሁሉ ተወችና «ኣቦ፣ ገዓትካ ይኸውልህ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ የተማሪ ፈተና የማርም መስዬ አንገቴን ደፋሁ። አንዱን ወረቀት ደጋግሜ አየዋለሁ፤ የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። በጓዳው በር ስንጥቅ ለተብርሃን ትታየኛለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነክሳዋለች።

ኣቦይ ግደይ ኪኒኑን አዩት። እኔን አዩኝ። በሩን አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንም አልለመናቸውም። ገንፎው ይተናል። ኧረ እባክዎ ልል ስንት ጊዜ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ መሰላችሁ!

ከዚያ ማንኪያው ሳሕኑን ሲነካ ሰማሁ።

አንዴ ጎረሱ። ደገሙ። ሦስተኛው ላይ «ጨው የለውም!» ብለው ተቆጡ። ቁጣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በጓዳው በር ስንጥቅ ለተብርሃን መሬት ላይ ቁጭ ስትል ታየኝ። ኣቦይ ግደይ ኪኒናቸውን ውጠው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ኣንታ መምህር። ግደይ ተሸነፈ ብለህ እንዳታወራ። ርቦኝ ነው።»

ርቦኝ! እዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ ይህ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም። እንደ እሳቸው ያለ ጾመኛ ቢሞትም ራበኝ አይልም፤ ነውር ነው። ተሸነፍኩ ላለማለት ነውሩን መረጡ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የማስበው ስለ ገመዱ ነበር። ደረቴ ተነፍቷል። ሰው ከነሐኪሙ ከነቄሱ ያልቻለውን አንድ የአማርኛ መምህር በአንዲት ግሥ ፈታው አይደል?

ጓዳ ገባሁ። ለተብርሃን በነጠላዋ ዐይኗን እየጠረገች ትስቃለች። «አየሽ?» አልኳት። «አላልኩሽም? ሰው ግትር የሚሆነው ማዶ የሚስበው ሲኖር ነው። ለቀቅነው፣ ላላ። በቃ። ይህን እኮ ቃሉ ራሱ ይነግርሻል።»

«ማን ለቀቀው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ! ዛሬ አንድ ቃል አልተናገርሽም።»

«ዛሬማ ምን እናገራለሁ? ትናንት ተናግሬ ጨርሼ።»

ለካ ትናንት እግራቸውን ስታጥብ ነው። እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ ከእንግዲህ ማንም አያስቸግርህም ኣቦ፣ ጾምህን ጹም፣ አለቻቸው። አንድ ነገር ብቻ ዕወቅልኝ፣ ብላ ቀጠለች። የሞትክ እንደሆነ ወሩ ሁዳዴ ነው። ድንኳን እተክላለሁ፤ በሬ ግን ማረድ አልችልም። ሹፌር ጓደኞችህ ከዓዲግራት ከማይጨው ተጠራርተው ይመጣሉ፤ ያን ሁሉ ዘመን አብረውህ ጥሬ ሥጋ የቆረጡ ሰዎች ህልበት በልተው ይመለሳሉ። ግደይን በህልበት ቀበርነው እያሉ በየመናኸሪያው ያወራሉ። እኔ ምን አደርጋለሁ? ያንተ ፈቃድ ነው።

«እሳቸውስ ምን አሉሽ?»

«መጀመሪያ እግሩን ሊነጥቀኝ ነበር» አለች ለተብርሃን። «ሁለተኛውን እግሩን አጥቤ ሳደርቅለት ግን ‹ፋሲካ መዓስ እዩ?› አለኝ። ፋሲካ መቼ ነው?»